ከጉቶ የተነሣ ደን፤ የሁምቦ ተራራና የባሕር ዳርቻው ማንግሮቭ

(በወላይታ ሶዶ፣ ኦቶና ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት እንዲመች ተስተካክሏል)

 

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ በባሕር ዳርቻ የሚበቅለውን የማንግሮቭ ደን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ መልሶ ስለማልማት ነው። ባሕር በሌለበት አገር፣ ያውም ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀምጠን፣ ይህ ለእኛ ምን ይረባል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ርዕሱን በደስታ የተቀበልኩት በዓለም ዳርቻዎች ላይ ማንግሮቭን ለመመለስ የተደከመበት ታሪክ እና እዚሁ ወላይታ፣ ሁምቦ ወረዳ ላይ ራቁቱን የቀረ ተራራ ደን የለበሰበት ታሪክ፣ ሲያዩአቸው የሚራራቁ ቢመስሉም፣ በአንድ ነገር ላይ ስለሚገናኙ ነው። ዓላማዬ ይህን አንድ ነገር ማሳየት ነው፤ የጠፋ ደን የሚመለሰው መልሶ እንዳይበቅል የያዘው እንቅፋት ሲነሣለትና አጠገቡ የሚኖረው ሰው በደኑ ላይ ያለው መብት ሲረጋገጥ ነው። ችግኝ መትከል ከዚህ በኋላ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም አነስ ያለው ሥራ ነው። መጀመሪያ ስለ ባሕሩ ባጭሩ እናገራለሁ፤ ከዚያ ሁምቦ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ መጨረሻ ላይ ስለ ካርቦን ገንዘብና ስለ ሕጉ አነሣለሁ።

ማንግሮቭ ጨዋማ ውኃ የማይገድለው የዛፍ ወገን ነው። የሚበቅለው ባሕሩ በየዕለቱ ሞልቶ በሚመጣበትና ተመልሶ በሚሸሽበት ረግረግ ላይ ነው። ጭቃው ውስጥ አየር ስለሌለ ከሥሩ ከፊሉ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ይተነፍሳል። በሥሩ መካከል የዓሣና የሽሪምፕ ጫጩቶች ይጠለላሉ፤ ሞገድ ከመሬት ጋር ሳይላተም እዚያው ይደክማል፤ ከወንዝ የመጣ ደለልም ይታገዳል። በዓለም ላይ የቀረው ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። ብዙው የጠፋው ለሽሪምፕና ለዓሣ ማርቢያ ኩሬ ሲባል በመመንጠሩ፣ እንዲሁም ለማገዶ፣ ለከሰልና ለቤት መሥሪያ በመቆረጡ ነው።

የጠፋውን ለመመለስ እጅግ ከደከሙት አገሮች አንዷ ፊሊፒንስ ናት። ለአሥርት ዓመታት ብዙ ገንዘብ ፈስሶ፣ ሕዝብ በዘመቻ እየወጣ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ተተክሏል። የአገሪቱ ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲመረምሩ በሕይወት የተረፈው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ሆኖ አገኙት። ምክንያቱን ስናይ ቁጭት ይይዘናል። ማንግሮቭ በተፈጥሮው የሚበቅልበት ከፍ ያለው ረግረግ ወደ ዓሣ ኩሬነት ተለውጦ ባለቤት ስለነበረው ማንም አልነካውም። ችግኙ የተተከለው ባለቤት በሌለው፣ ውኃው ረጅም ሰዓት በሚተኛበት ዝቅተኛ ጭቃ ላይ ነበር። ዛፉ ሊኖርበት የሚችለው ቦታ ለመትከያ አልተገኘም፤ ለመትከያ የተገኘው ቦታ ደግሞ ዛፉን አላኖረውም። እንግዲህ ችግሩ ከዕፅዋት ሳይንስ በፊት የመሬት ይዞታ ችግር ነበር ማለት ነው።

ሮቢን ሉዊስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ምህዳር ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ከዚህ የተለየ መንገድ ነው። የተተወውን ኩሬ ግድብ በትክክለኛው ቦታ ሸንቁሩት፣ ባሕሩ እንደ ጥንቱ ይግባና ይውጣ፣ ዘሩን ውኃው ራሱ ያመጣዋል ይል ነበር። በአቅራቢያው ዘር የሚጥል ማንግሮቭ እስካለ ድረስ ይህ ይሠራል፤ ችግኝ የሚያስፈልገው ዘር ሊደርስ በማይችልበት ቦታ ብቻ ነው።

ወደ እኛ ቀጣና ስንጠጋ፣ ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ ላይ የተደረገውን መጥቀስ አለብኝ። ጎርደን ሳቶ የተባለው ጃፓናዊ አሜሪካዊ ሳይንቲስት የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲመለከት ማንግሮቭ በቅሎ ያገኘው የክረምት ጎርፍ ከደጋ አፈር ይዞ በሚወርድባቸው ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነበር። ዛፉ ያጣው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት መሆኑን ተረዳ፤ ቀዳዳ ባላት ፕላስቲክ ውስጥ ማዳበሪያ እያደረገ ከችግኙ ሥር አስቀበረ፤ ቁራጭ ብረትም ጨመረበት። ተካዮቹ በብዛት የዚያው መንደር ሴቶች ነበሩ፤ ቅጠሉም ለፍየልና ለግመል መኖ ሆነ። ሳቶ በአፍላ ወጣትነቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጃፓናውያን አሜሪካውያን ጋር ማንዛናር በሚባል በረሃማ ካምፕ ታስሮ ነበር፤ ሥራውን በዚያ ካምፕ ስም ጠራው። እኔ ከዚህ ሰው የምወድለት ነገር ከመትከሉ በፊት ዛፉ ለምን እዚህ የለም ብሎ መጠየቁ ነው።

ኬንያ ውስጥ ጋዚ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ደግሞ የመንደር ሰዎች 117 ሄክታር ማንግሮቭ እየጠበቁ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የካርቦን ገቢ ያገኛሉ። ሥራው ሚኮኮ ፓሞጃ ይባላል። ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው የመንደሩ ስብሰባ ነው፤ ለመጠጥ ውኃና ለትምህርት ቤት ውሏል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሁምቦ ላይ ስንደርስ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ አገራችን እንግባ። ከሶዶ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው ብዙም ሳይርቅ ጠበላን ያገኛል። ከጠበላ በላይ ያለው የሁምቦ ተራራ ዛሬ ላያችሁት አረንጓዴ ነው። በመካከላችን ያሉት ትልልቅ ሰዎች ግን ሌላ መልኩን ያውቁታል። የተራራው የተፈጥሮ ደን አብዛኛው የተመነጠረው በ1950ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በኋላ የተረፈውን ድርቅ፣ ረሃብና የሕዝብ መብዛት ጨረሱት። ወላይታ በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ከጓሮ እንሰቱና ከትንሽ ማሳው በቀር ምንም የሌለው ቤተሰብ የማገዶና የከሰል ገበያ ሲጠራው ወደ ተራራው ይወጣል። በ1962 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዋዱ የተባለው የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በዓለም ባንክ ገንዘብ፣ የደጋውን ሰው ወደ አበላ ቆላ አውርዶ ማስፈሩን ብዙዎቻችሁ ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። መሬት ጠቦ ሰው መድረሻ ያጣበት ዘመን እንደነበረ ይህ ብቻ ይመሰክራል።

የተራራው መራቆት የተራራው ብቻ ጉዳት አልነበረም። ከዚያ ሥር የሚመነጨውን ውኃ የሚጠጣው ሕዝብ ከ65,000 በላይ ነው። ዝናብ ሲጥል አፈሩ ታጥቦ በቦረቦሩ ወደ አባያ ይወርዳል። የአባያ ሐይቅ ውኃ ቀይ ቡናማ ሆኖ የሚታየው በዚህ በደለሉ ምክንያት ነው፤ ብላቴና ሌሎቹም ወንዞች ከየአቅጣጫው የሚያመጡት የማሳ አፈር ውኃው ላይ ተንሳፎ ይቀራል። የማንግሮቭ ሥር በባሕር ዳርቻ የሚያግደውን ደለል እኛ የምናግደው እዚህ፣ ከምንጩ፣ በተራራ ላይ ነው።

ለዚህ ተራራ የተገኘው መፍትሔ ከሩቅ የመጣ ነው። ቶኒ ሪናውዶ የሚባለው አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ በ1970ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ኒጀር ውስጥ በማራዲ አካባቢ ችግኝ እየተከለ ይደርቅበት ነበር። በኋላ ግን በረሃ ላይ እዚህም እዚያም የሚታየው ቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እንዳልሆነ፣ ተቆርጦ የቀረ ዛፍ ከጉቶው የሚያወጣው ቀንበጥ እንደሆነ አስተዋለ። ሥሩ ሕያው ነው፤ በየዓመቱ ይወጣል፤ በየዓመቱ ፍየል ይበላዋል ወይም መጥረቢያ ይቀድመዋል። ከገበሬዎቹ ጋር ቀንበጡን መጠበቅ ጀመሩ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ኒጀር ላይ ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ እርሻ ዛፍ ለበሰ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ሪናውዶ ወርልድ ቪዥን በተባለው የተራድኦ ድርጅት በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ሁምቦንም አየ።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። አንድ የግራር ወይም የወይራ ጉቶ ከተቆረጠ በኋላ ዙሪያውን አሥርም ሃያም ቀንበጥ ያወጣል። ሁሉም ለአንድ ሥር ውኃና ምግብ ይሻማሉና አንዱም ቁመት አያገኝም፤ እንደ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ገበሬው ከመካከላቸው ቀጥ ያሉትንና ጠንካራዎቹን ሦስት ወይም አምስት ይመርጣል፤ ሌላውን በስለታም መቁረጫ ከሥሩ ያነሣዋል። የተመረጡትን ደግሞ የታችኛውን ቅርንጫፍ እስከ ቁመታቸው ግማሽ ድረስ ይመለምላል። ቆረጣው ከታች ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ከላይ ወደ ታች ከተመታ ልጡ ተልጦ ግንዱ ይቆስላል። የተነሣው ጭራሮ የዚያ ቀን ማገዶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይመለመላል። ጉቶው ወደ ጥልቅ እርጥበት የወረደ ሥር ስላለው ቀንበጡ ችግኝ ጣቢያ ካደገው ችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። ለዚህ ሥራ ፕላስቲክም፣ ውኃ ማጠጫም፣ መኪናም አያስፈልግም። ዛፍ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም፤ ጽድን የመሰለው ከተቆረጠ ከጉቶው ስለማያቆጠቁጥ ችግኝ የግድ ይላል።

የሁምቦ ሥራ በዚህ መንገድ በ1999 ዓ.ም. ተጀመረ። የተከለለው 2,728 ሄክታር ነው። ከዚህ ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ ዳግም የበቀለው ከነበረው ጉቶና ዘር ነው፤ ጉቶ ባልቀረባቸው ገላጣ ቦታዎች ላይ ብቻ አገር በቀል ችግኝ ተተከለ። ግራሩ፣ ወይራው፣ ብሳናው፣ ዋንዛው ተመለሱ። ጎርፉ ቀነሰ፤ ከታች ያሉት ማሳዎች አፈር መጉረፉ ቀለለላቸው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን የሁምቦ ከባዱ ሥራ መጥረቢያው ላይ አልነበረም። ተራራው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን ሲባል፣ ትናንት እዚያ ላሙን የሚያግድ ቤተሰብ፣ ጭራሮ ተሸክማ ጠበላ ወይም ሶዶ ገበያ ወርዳ በዚያው ገንዘብ ጨውና በርበሬ የምትገዛ እናት፣ ከሰል የሚያከስል ወጣት ዛሬ ምን ይሁኑ? የደን መመለስ ጥቅሙ ለሁሉ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋውን የሚከፍሉት ግን እነዚህ ናቸው። ስለ ደን የሚሰብክ ሰው ይህን ሳያነሣ ካለፈ ንግግሩ ግማሽ ነው። በሁምቦ ሣሩን አጭዶ ወስዶ ከብትን በቤት ማብላት ተፈቀደ፤ ከምልመላው የሚገኘው ጭራሮም ለማገዶ ዋለ። መጠለያውና ማገዶው ከጓሮ ባሕር ዛፍ የሚመጣለት ቤትም ተራራውን ያሳርፋል፤ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ የሚከመረውን እንጨት ብቻ አስቡት። ያም ሆኖ ጫናው ሙሉ በሙሉ ተቃለለ ብዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ በተለይ ከብትም መሬትም በሌለው ቤት።

መከለሉ እንዲጸና ያደረገው አደረጃጀቱ ነው። በተራራው ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቋሙ፤ እያንዳንዱ የራሱን ክልል ያውቃል፣ የራሱን መተዳደሪያ ደንብ አውጥቷል። ማን መቼ ሣር እንደሚያጭድ፣ ደንብ የጣሰ ምን እንደሚቀጣ የሚወስኑት እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ከሁሉም በላይ ለማኅበራቱ በመሬቱ የመጠቀም መብታቸው በምስክር ወረቀት ተረጋገጠላቸው። አንድ ሰው ዛሬ የተወው ቀንበጥ ከአሥር ዓመት በኋላ የማን እንደሚሆን ካላወቀ ዛሬውኑ ቢቆርጠው ሊገርመን አይገባም፤ እሱ ቢተወው ሌላው ይወስደዋልና። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ጭሰኛው ነፃ ወጣ፤ ብዙ የወል ተራራ ግን ተቆጪ አልባ ሆነ። የፊሊፒንስ ዳርቻ ያጣው፣ ሁምቦ ያገኘው ይህንን የተረጋገጠ መብት ነው።

ወደ ገንዘቡ ልለፍ፤ ምክንያቱም ሁምቦ በዓለም የታወቀው በዚህ ነው። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በኪዮቶ ስምምነት የንጹሕ ልማት አሠራር ሥር ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ትልልቅ የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ሆነ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይስባል ተብሎ ተገመተ፤ ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ለማኅበራቱ ቢያንስ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ700,000 ዶላር በላይ የሚያስገኝ ውል ነበር። ከዚህ ገቢ የእህል መጋዘንና የወፍጮ ቤት ተሠርቷል፤ እንደ ጋዚ መንደር ሁሉ እዚህም ምርጫው የማኅበሩ ነበር።

አሁን አብረን እናስላ። ያን ገንዘብ ለአሥር ዓመትና ለ2,728 ሄክታር ብናካፍለው ለአንድ ሄክታር በዓመት 26 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ለአንድ ቶን ደግሞ ከ4 ዶላር ትንሽ ይበልጣል። ይህ ገንዘብ ወፍጮ ያቆማል፤ መጋዘን ይሠራል፤ ብቻውን ግን አንድን ቤተሰብ ከከሰል ገበያ አያስቀርም። በተጨማሪም በዚያ አሠራር የደን ካርቦን የሚሸጠው በጊዜያዊ ሰነድ ነበር፤ ጊዜው ሲያልፍ ይሰረዛል፤ ትልቁ የአውሮፓ የካርቦን ገበያም የደን ሰነድን አልተቀበለም። ስለዚህ የሁምቦ ሰው ተራራውን የሚጠብቀው ለዶላር ነው የሚለውን አባባል አልቀበልም። ሣሩ፣ ምንጩ፣ ጭራሮው፣ ከታች ያለው ማሳው በየዓመቱ የሚከፍሉት ይበልጣል። የካርቦኑ ገንዘብ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነበር፤ ለውሉ ሲባል ድንበሩ በካርታ ተለካ፣ ማኅበራቱ ሕጋዊ ሰውነት አገኙ፣ የመጠቀም መብቱም በጽሑፍ ሠፈረ። ገበያው ነገ ቢዘጋ እነዚህ ይቀራሉ። እዚሁ በላያችን በሚታየው፣ ወደ 2,900 ሜትር በሚደርሰው በዳሞታ ላይ በሶዶ ስም የተጀመረው የደን ልማትም በ500 ሄክታር ገደማ ላይ በዚሁ መንገድ የሄደ ነው።

ሕጉስ? ሁምቦ በተጀመረበት በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ የሚያውቀው የመንግሥትና የግል ደን ብቻ ነበር። የማኅበረሰብ ደን የሚባል በሕግ ፊት አልነበረም፤ የሁምቦ ሰዎች ሕጉን ቀድመውት ሄዱ ማለት እንችላለን። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ግን የማኅበረሰብንና የማኅበራትን ደን በስሙ አውቆ ባለቤትነታቸውን ደነገገ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በየቀበሌው ግን ገና አልወረደም። አንድ ማኅበር የራሱን የበሰለ ዛፍ በእቅድ ቆርጦ ለመሸጥ ሲነሣ ስንት ቢሮ እንደሚዞር እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ዛፍ ያሳደገ ሰው ዛፉን ሰርቆ እንዳገኘ ያህል የሚጠየቅ ከሆነ ሁለተኛ አያሳድግም።

በየክረምቱ ስለምንወጣበት የችግኝ ዘመቻም ዝም ብዬ አላልፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ሕዝብ በአንድ ሐሳብ እንዲህ መውጣቱ የሚናቅ ኃይል አይደለም፤ እኔም አከብረዋለሁ። የምጠይቀው ይህ ኃይል ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ ከብት ሣር አጥቶ ያገኘውን ሁሉ በሚበላበት ወራት፣ የት እንደሚገኝ ነው። በተከላ ቀን የሚቆጠረው ችግኝ በሦስተኛው ዓመትም ይቆጠር። ጉቶ ባለበት ኮረብታ ላይ ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊትም የሁምቦን ገበሬ ጠርተን ይህን እስኪ እይልን እንበለው። ጉዳዩ የችግኝ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረበትን፣ በኪንዶ ዲዳዬም ሰው የሞተበትን ክረምት አንረሳውም። የመሬት መንሸራተት መንስኤው ብዙ ነው፤ ሥር የሰደደ ደን ሁሉን ያስቆማል አልልም። ቁልቁለት ላይ ለሚኖር ሕዝብ ግን ተራራው ምን እንደለበሰ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከመቀመጤ በፊት ለሁለት ወገኖች ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው ለመምህራንና ለተማሪዎች ነው። ከሁምቦ ተራራ ሥር ያሉት ምንጮች በበጋና በክረምት ስንት ሊትር እንደሚሰጡ፣ ከተከለለውና ካልተከለለው ቁልቁለት ስንት ደለል እንደሚወርድ በየዓመቱ ለኩልን፤ የለካችሁትንም ለማኅበራቱ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በወላይትኛ፣ ንገሯቸው። ሁለተኛው ለማኅበራቱ አመራሮች ነው። ለፕሮጀክቱ የተያዘው 30 ዓመት በ2029 ዓ.ም. ያበቃል። ማኅበሩ ሲመዘገብ ያልተወለዱ ልጆች ያን ጊዜ ጎልማሶች ይሆናሉ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ መሬትም አባልነትም የላቸውም። አባልነት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከባል ወደ ሚስት እንዴት እንደሚተላለፍ፣ አዲስ የቆመ ጎጆም እንዴት እንደሚገባ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አሁን ጻፉት፤ ወጣቶቹንም ደንቡ ሲረቀቅ አስቀምጧቸው።